የሙሉነሽ ወታደር

ቲቸር አማረች የበደለችኝ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል፣ ቦታው የገዛ ሳሎኔ፤ አምስት ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው እያዩ። ባለፈው ወር ሞተች። ቀብሯ ላይ ነበርኩ።

በስምንት ዓመት ትበልጠኝ ስለነበር በሕይወት ሳለች "እርስዎ" ነበር የምላት። እዚህ አንቱታውን ትቼዋለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፣ የራሴንም ጭምር። ያልቀየርኩት የአበቦቹን ስም ብቻ ነው።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች አንዷ ይህን ብታነብ፣ "ምነው ሙሉ፣ የመቃብሯ አፈር እንኳ ሳይደርቅ" እንደምትለኝ አውቃለሁ። አፈር እስኪደርቅ ጠብቁ እያለች ስትነዘንዘን የኖረችው ራሷ ሟቿ ናት። እኔ በዚህ ትምህርት ወድቄያለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ ሁሉ እንዴት እንዳወቀም እጽፋለሁ።

የምንኖረው ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ነው። አማረች ያደገችው ግን ይርጋለም አካባቢ፣ እንሰት ጓሮ ውስጥ ነው። ተምራ የቤት አያያዝ መምህርት ሆነች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጆችን ጨርቅ መጥቀምና አልጋ ማንጠፍ አስተማረች። "ቲቸር" የሚለው ስም ከዚያ ተጣብቆባት ቀረ። ጡረታ ስትወጣ የምታርመው ደብተር አጣችና እኛን ጎረቤቶቿን ማረም ጀመረች።

ረጅም፣ ደረቅ፣ ቀጥ ያለች ሴት ነበረች። ከሸራ ጫማ ሌላ አድርጋ አላየኋትም፣ ሠርግ ላይም ቢሆን። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት ጥፍር ሥር ሁልጊዜ አፈር አለ። በር አታንኳኳም። አጥሩ ጋ ደርሳ አንድ ጊዜ ታጨበጭብና ጭብጨባዋን ተከትላ ትገባለች፤ ባለቤቶቹ ለብሰው ይሁን ሳይለብሱ የእሷ ጉዳይ አይደለም።

ጠላቷ የላስቲክ አበባ ነበር። ያኔ የሰፈራችን ሳሎን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ቡፌው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ሳክሲያ፣ ሳክሲያው ውስጥ አቧራ የጠገበ የላስቲክ ጽጌረዳ። አማረች ትገባና አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ፣ "ይሄ የመቃብር ነው። ማን ሞቶባችሁ ነው?" ትላለች። ለእሷ ቀልድ ነው። የሚስቅ ግን ብዙ ጊዜ እሷ ብቻ ነበረች።

"ለእኔ አበባ አይሆንልኝም" ላለቻት ሴት ሁሉ መልስ ነበራት። ለጀማሪ የምትሰጠው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ጠርዙ ቢጫ፣ ዛሬ በየባንኩ መግቢያ የሚታየው። የላቲን ስሙን ታውቃለች። ለእኛ ግን "ወታደር" አለችው፤ ስንቅ ባይደርሰውም ከቆመበት አይነቃነቅም ለማለት። ወታደሩን አንድ ዓመት ያቆየች ወደ መኒ ፕላንት ትዛወራለች፤ በመስኮት ብረት ላይ እየተጠመጠመ የሚሄደው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ነው "ባለ ልጆቹ" የሚሰጠው፤ ከራሱ ላይ ትናንሽ ችግኞች እያንጠለጠለ የሚወልደው። ሳታልፊ የሚቀጥለውን ብትለምኚያት፣ "አንደኛ ክፍልን ጨርሰሻል?" ትልሻለች። ይህን የምትለው የልጅ ልጅ ላላት ሴት ነው።

ሁሉም የሚተከለው በዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ታችው በምስማር አምስት ቦታ ተበስቶ። አፈሩን ራሷ ታዘጋጃለች። ከአሞራ ገደል አለፍ ብላ ሐይቁ ዳር የሚተፋውን ነጭ ቀላል ድንጋይ፣ እኛ ተረከዝ የምንፈትግበትን፣ በማዳበሪያ ትለቅማለች። ዓሣ አጥማጆቹ፣ "እማማ፣ ይሄን ሁሉ ድንጋይ ስንት እግር ሊፈተግበት ነው?" ሲሏት፣ "የእናንተ እግር ብቻ ይጨርሰዋል" ብላ ታልፋለች። ድንጋዩን በመዶሻ ፈጭታ ከአፈሩ ጋር ትለውሳለች። ውሃው እንዲወርድ ነው። ከዚያ በነጭ ቀለም የተቀባይዋን ስም ጣሳው ላይ ትጽፋለች። ስምሽ ከተጻፈ በኋላ አበባው ያንቺ ይመስልሻል። አልነበረም። ሁሉም የእሷ ነበር።

ሕጓ አንድ ነው። ሌባ ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ትሰኪያለሽ። ደረቅ ከሆነ ታጠጪያለሽ። ርጥብ ከሆነ እጅሽን ታጥበሽ ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ።

"የተጠማ አበባ ይናገራል" ትል ነበር። "ቅጠሉን ያጥፋል፣ ትሰሚዋለሽ። ውሃ የበዛበት ግን ዝም ነው የሚለው። ዝም እያለ ሥሩ ይበሰብስና አንድ ቀን ድንገት ይወድቅብሻል።"

ሳትነግርሽ ለቁጥጥር ትመጣለች። ጣቷን ሰክታ ታወጣና ታሸተዋለች። ፊቷን አይቶ ውጤትን ማወቅ ይቻላል። ከወደቅሽ ጣሳውን ብብቷ ውስጥ ከትታ፣ "ሆስፒታል ልውሰደው" ብላ ትወጣለች። ሆስፒታል የምትለው የራሷን የጓሮ በረንዳ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሚስት እንግዶቿን ለምሳ አስቀምጣ ሳለ አማረች ገብታ፣ ከጠረጴዛው መሃል፣ ከሰላጣው አጠገብ፣ መኒ ፕላንቱን አንሥታ ሄደች። እንግዶቹ ሠራተኛ መስላቸው ነበር።

ጎረቤታችን አስካለች ደግሞ ወታደሯን በስድስት ወር ሦስት ጊዜ ነቅላ ሦስት ጣሳ አዛወረችው። አስካለችም እንሰት ያለበት አገር ልጅ ናት፤ እንሰት ካልተነቀለና ካልተዛወረ አይወፍርም። ሴቶች ለጸሎት ተሰብስበን ባለንበት አማረች ጣሳውን አየች።

"አስካለ፣ ምን አደረግሽው?"

"አዛወርኩታ ቲቸር። እንዲወፍር ብዬ።"

"ቡላ ልታወጪበት ነው?"

ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አስካለች ራሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

"ስሚኝ" አለቻት አማረች ሳትስቅ። "እንሰት ሲያዛውሩት ደስ ይለዋል። ይሄ ግን እንደ ጡረተኛ ነው። ቤት ቀይር ካልሽው ይሞትብሻል።"

እኔም ከሣቁት አንዷ ነበርኩ። ተራዬ አልደረሰም ነበር።

መልካም ነገር አላደረገችም አልልም፤ ያን ካልኩ ቀሪው አይታመነኝም። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ እናቶች ተራ በሚጠብቁበት መስኮት ላይ ወታደሮቿን የደረደረችው ማንም ሳይጠይቃት ነው። ባለቤቴ ታሞ በተኛባቸው አራት ዓመታትም በየሐሙሱ እየመጣች እኔ ገበያ ደርሼ እስክመለስ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። ከዚህ በላይ የምጽፍላት መልካም ነገር የለኝም።

ባለቤቴ ሞተ። ከእሱ በፊት ሁለት ሕፃናት ቀብሬያለሁ። የቀረችኝ ራሔል ናት።

ቀብሩ ሁለት ወር ሳይሞላው አማረች አጨብጭባ ገባች። ወታደር ይዛለች። ጣሳው ላይ "ሙሉነሽ" የሚል ተጽፏል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

"አሁን ላንቺ የሚሆንሽ ምንም የማይፈልግ ነገር ነው" አለችኝ።

"ውሃስ?"

"በሃያ ቀን አንዴ። ከዚያ በላይ ከነካሽው እኔና አንቺ እንጣላለን።"

አብዝቼ አጠጣሁት፤ አልክድም። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለባለቤቴ መድኃኒት እሰጥ ነበር። ከሞተም በኋላ በዚያው ሰዓት እነቃለሁ። እነሣለሁ፣ ብርጭቆውን እሞላለሁ፣ የምሰጠው ሰው የለም። ውሃውን አበባው ላይ አፈሰስኩት። በማግሥቱም፣ ከዚያ ወዲያም። አማረች አራት ጊዜ መጥታ ጣቷን ሰካች። አራት ጊዜ አሸተተች። አራት ጊዜ፣ "ሙሉ፣ እያሰጠምሽው ነው" አለችኝ። ለምን እንደማጠጣው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችኝም። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት መጠየቅ ታውቃለች ብዬ ነበር።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ።

ራሔል ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ፋርማሲ ተምራ ሥራ ጀምራለች። ልጁ እዚሁ ከተማ ሱቅ ካላቸው ሰዎች ነው፤ የሚያመልኩትም እንደኛው ነው። ከተዋወቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጄ ያን ጊዜ እንደነበረችው ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ ሽሮ ስታማስል ትዘምራለች። ሽማግሌ እንልካለን አሉ።

አባት የላት፤ የእኔ ወንድሞች ሩቅ ናቸው። ከእኛ ወገን የአክስቴ ልጅ ወንጌላዊው ታምሩ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ይጨመር ስባል አማረችን የጠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

"ቲቸር፣ ከጎኔ ይቀመጡልኝ" አልኳት።

"እቀመጣለሁ። ብዙ ግን አላወራም፤ የሽማግሌ ወሬ አይሆንልኝም" አለች።

ብዙም አላወራች።

ጠዋት ቤቱን አጠብኩ፣ መጋረጃ ቀየርኩ። ወታደሩ ከሥሩ ቡናማ ሆኗል፣ ቅጠሎቹ ወደ ውጭ ዘመዋል። ሁለት ወር ሙሉ አማረች እንዳታየው ጓዳ ደብቄው ነበር። ያን ቀን ግን ሳሎኑ ባዶ መሰለኝ። ቅጠሎቹን ወገባቸው ላይ በአረንጓዴ ክር አሰርኳቸው፤ ሴቶቹ ለእንግዳ እንደሚያደርጉት በቫዝሊን ወለወልኳቸው። ከሩቅ አዲስ ይመስላል። ከሽማግሌዎቹ መሪ፣ ከአቶ ጴጥሮስ፣ ወንበር ኋላ አስቀመጥኩት።

ነገሩ በደንብ ሄደ። ተነሥተው ቆሙ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጠየቁ፣ ተቀመጡ ተባሉ። ታምሩ ወጉ እንደሚጠይቀው እንመካከርበት አለ። የሁለተኛው ቀጠሮ መቼ ይሁን እየተባለ ነው። አንዱ ሽማግሌ የዛሬ ሁለት ሳምንት አለ። ታምሩ ይሁን ሊል አፉን ከፈተ።

አማረች ከገባች ጀምሮ ዓይኗ አበባው ላይ ነው። ተነሣች። በአቶ ጴጥሮስ ትከሻ ላይ እጇን ዘርግታ አንዱን ቅጠል ያዘች። ክሩ ሾለከ። ቅጠሉ ከሥሩ ተላቆ እጇ ላይ ቀረ፤ ጫፉ የበሰበሰ፣ የሚያንጠባጥብ። ሽታው ሳሎኑን ሞላው። ጠብታው የአቶ ጴጥሮስ ኮት ላይ አረፈ። እሷ ቅጠሉን ከፍ አድርጋ አየችው። እኔን አላየችኝም።

"ሙሉ፣ እዚህ ቤት እኮ የማይሞተውም ይሞታል" አለች።

ዳር የተቀመጠው ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ፣ "ምን ማለታቸው ነው?" አለ። ጎረቤቱ አሾክሿኪ አልነበረም።

"ባልየው ሞተዋል፤ ከዚያ በፊትም ልጆች ሞተውባታል ይባላል" አለ።

ራሔል ለስላሳ የያዘ ትሪ ይዛ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

አማረች ጣሳውን ብብቷ ውስጥ ከተተች። "ሆስፒታል ልውሰደው፤ ምናልባት" አለችና ወጣች። የመዝጊያውን ጸሎት እንኳ አልጠበቀችም። አቶ ጴጥሮስ ኮታቸውን በሶፍት ጠረጉ። "እንግዲህ ቀኑን እኛው እናሳውቃችኋለን" አሉ። ለስላሳውን ማንም አልነካውም።

በአሥረኛው ቀን ታምሩ መጣ። ቁጭ ሳይል፣ "ልጁ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል ብለዋል" አለኝ።

"ምን ያህል?"

መሬት መሬት አየ።

"ታምሩ፣ ተናገር።"

"እናትየው ፈርተዋል። ቤቱ ይጸለይበት ነው የሚሉት።"

ቤቴ። ሕመምተኛ ያስታመምኩበት፣ ልጅ ያሳደግሁበት፣ በየሳምንቱ ሴቶች የሚጸልዩበት ቤት።

በዚያው ቀን አማረች ጋ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ተንበርክካ ጣሳ ትበሳለች። በዙሪያዋ የሰው ስም የተጻፈባቸው የታመሙ አበቦች ተደርድረዋል። የእኔም አለ፤ ከአንድ ቅጠል በቀር ባዶ ሆኗል።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት መጥቼ ነው።"

"ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም። ሄደው ይንገሩልኝ። ስለ አበባው ነው የተናገርኩት ይበሉልኝ።"

ምስማሩን አስቀመጠች። "ስለ አበባው እኮ ነው የተናገርኩት።"

"እነሱ እንደዚያ አልሰሙትም። ቤቱን የረገሙት ነው የመሰላቸው።"

"እንዴት ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው? እኔ ቅጠል ይዤ እየተናገርኩ እነሱ ቤት ይሰማሉ?"

"አንድ ቃል ነው የምለምንዎት። ልጄ እያለቀሰች ነው።"

"ሙሉ" አለችኝ። ድምፅዋ አልከፋም፤ ተማሪ የምታስረዳበት ድምፅ ነው። "አሁን ሄጄ 'ቤቱን ማለቴ አይደለም' ካልኩ፣ ቤቱን ማለት ይቻል ነበር ማለት ነው። ያላልኩትን እንዴት ልመልስ? ደግሞ በአንድ የበሰበሰ ቅጠል የሚሸሽ ሰው ልጅሽን ባይወስድ ይሻላታል።"

"ያን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት?"

"አራት ጊዜ ነገርኩሽ። አራት ጊዜ። አልሰማሽም። ውሃውን ያበዛሽው አንቺ ነሽ።"

ሌላ አልነገርኳትም። ስለ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓትም አልነገርኳትም። ለሷ የሚነገር አልነበረም። ስወጣ፣ "ሙሉ፣ ጣሳሽን ውሰጂው፣ አንዱ ቅጠል ሥር እየያዘ ነው" አለች። ዞር ብዬም አላየሁ።

ልጁ አልተመለሰም። በዓመቱ ሌላ አገባ። ራሔል ዝውውር ጠይቃ ዲላ ሄደች። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፦ "እማዬ፣ ያን አበባ ለምን አልተውሽውም?" መልስ አልጠበቀችም፤ ልብሷን ማጣጠፏን ቀጠለች።

አማረች ግን አላበቃችም። ለአዳዲስ ጀማሪዎች ስታስተምር ምሳሌ ያስፈልጋት ነበርና እኔን ወሰደች። "እንደ ሙሉነሽ ወታደር እንዳታደርጊው" ትላለች። በክፋት ነው አልልም፤ ለእሷ ትምህርት ነው። ቃሉ ግን ሰፈር ዞረ። ውሃ ያበዛች ሁሉ፣ ልጇን ያሞላቀቀች ሁሉ፣ ወጥ ያቀጠነች ሁሉ "የሙሉነሽ ወታደር" ትባላለች። የሰፈሩ አዲስ ሙሽሮች እኔ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ ፊቴ ይሉታል። አንዷ በእኔው ቤት፣ የእኔን ሻይ እየጠጣች ብላዋለች።

ዘጠኝ ዓመት አላናገርኳትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በግራ ትቀመጣለች፤ እኔ ወደ ቀኝ ዞርኩ። በመንገድ ስትመጣ ካየሁ ባጃጅ አስቁሜ እገባለሁ፣ መድረሻዬ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆንም። እሷ ነገሩን ያወቀችም አትመስል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ በየዓመቱ በሰው እጅ አዲስ ወታደር ትልክልኛለች፤ ስሜ ተጽፎበት። በየዓመቱ በዚያው ሰው እጅ እመልሰዋለሁ። አንድ ጊዜ ጉዱማሌ ሜዳ፣ በዓሉ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ፊት ለፊት ተገጣጠምን። "ሙሉ፣ አሁንም ታጠጫለሽ?" አለችኝ። አጠገቧ የነበሩት ሳቁ። ነጠላዬን አስተካክዬ አለፍኩ።

ራሔል ከአራት ዓመት በፊት ደወለች።

"እማዬ፣ ትናንት ፈረምን።"

"ምን ፈረማችሁ?"

"ማዘጋጃ ቤት። ተጋባን።"

"ሽማግሌስ?"

"ሽማግሌ የት ቤት ሊመጣ?" አለች።

ባልየው ደግ ሰው ነው። አንድ ልጅ ወልደዋል። ዲላ እኔ እሄዳለሁ። እሷ ልጇን ይዛ እኔ ቤት አድራ አታውቅም። ጠዋት መጥታ ከሰዓት ትመለሳለች፤ ሁልጊዜ ምክንያት አለ። አልጠይቃትም። ከሰው የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያች ሴት በሰማው ጆሮ ሁሉ ፊት "ቤቱን ማለቴ አልነበረም" እንድትል። አንድ ዓረፍተ ነገር አበላሸ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስተካክለው ነበር።

ሳትለው ሞተች። እንቅልፍ ላይ ነው አሉ። ሰማንያ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት ነበር። አስካለች እያለቀሰች በር ላይ ቆማ ስትነግረኝ ያሰብኩት ስለ ሟቿ አይደለም፤ አሁን ማን ይለዋል ብዬ ነው ያሰብኩት።

በኛ ቤተ ክርስቲያን ሬሳ ሳይወጣ በፊት የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ሠላሳ ሦስት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስለሠራሁ የጉባኤያችንን የሕይወት ታሪኮች የምጽፈው እኔ ነኝ። በማንም ስም አልሳሳትም፣ የማንንም ልጅ አልረሳም። ልጇ ዮናስ ከአዲስ አበባ እንደደረሰ ሴቶቹ ወደ እኔ ላኩት። ነገራችንን አያውቅም። አቶ ጴጥሮስ ተቀምጠውበት በነበረው ወንበር ተቀመጠና አንድ ፖስታ ወረቀት ሰጠኝ።

"እማማ ስለ እርስዎ ታነሣ ነበር" አለኝ።

"ምን ትላለች?"

አሰበ። "ጽሑፏ ንጹሕ ነው ትል ነበር።"

"ሌላስ?"

"ሌላ... አላስታውስም፣ ይቅርታ።"

ሲሄድ ወረቀቱን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩ። የምስክር ወረቀቶች፣ የዝውውር ደብዳቤዎች፣ አንድ የአበባ ደብተር። ስሜን ፈለግሁ። ደብተሩ ውስጥ አገኘሁት፤ ከሌሎች አርባ ሴቶች ስም መካከል። "ሙሉነሽ፣ ወታደር፣ ውሃ" ይላል። ሌላ ምንም የለም።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የተወለደችበትን፣ የተማረችበትን፣ ያስተማረችበትን፣ ሦስት ልጆቿን፣ ስድስት የልጅ ልጆቿን፣ የጤና ጣቢያውን መስኮት፤ ሁሉንም በትክክል፣ በአንቱታ። ከመጨረሻው አንቀጽ በፊት ይህን ጨመርኩ፦

"ወይዘሮ አማረች ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በወይዘሮ ሙሉነሽ ቤት በሽማግሌዎች ፊት የተናገሩት ቃል ስለ አንድ አበባ ብቻ እንደነበረ፣ ቤቱም እግዚአብሔር የባረከው ቤት መሆኑን መስክረው፣ በዚያ ቃል ስለደረሰው ኀዘን እናትና ልጅን ይቅርታ ጠይቀዋል።"

እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም። እሷ አላለችውም፤ እኔም ዘጠኝ ዓመት አላናገርኳትም።

የፕሮግራሙ መሪ በድምፅ ማጉያ አነበበው። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። አቶ ጴጥሮስ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ራሔልን ሳያገባት የቀረው ልጅ እናትም ነበረች። አስካለች፣ "አይ ቲቸር፣ አይ ትሕትና" ብላ አለቀሰች። ዮናስ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ቀና ብሎ ተመለከተ። ምስጋና መስሎኛል። ሬሳውን ሸኝተን ስንመለስ አቶ ጴጥሮስ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "እኛንም ይቅር በዪን" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለራሔል ላክሁላት። ከሰዓት በኋላ ደወለች።

"እማዬ፣ እውነት ይቅርታ ጠየቀች?"

"አዎ" አልኳት።